የመርዶው ቤት በባሕሩ ዳርቻ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ያ የባሕሩ ቤት አይናፍቅሽም ወይ? የእኛ ሰው ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ሥጋ ለመግዛት ተሰልፌም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜም ጥያቄው ይኸው ነው። አይናፍቀኝም። ቤት የሚናፍቀው ሳይጠግበው የወጣ ሰው ነው፤ እኔ ያንን ቤት ከጣሪያው እስከ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ድረስ ጠግቤዋለሁ። ይልቅ ስለ ሥራው የሚጠይቀኝ ባገኝ ደስ ይለኛል፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ያንን ሥራ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው የለምና። ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው።

ቤቱ ከማሊቡ አለፍ ብሎ፣ ተራራው ወደ ባሕሩ ተጠግቶ መንገዱን ከሚያጣብብበት ቦታ ላይ ነው። አሥራ አንድ መኝታ ቤት አለው። ለአንድ ሰው ወይም ለባልና ሚስት አይከራይም። ለሠርግ፣ ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ፣ ለማኅበር፣ እግራቸውን አጣጥፈው ቀኑን ሙሉ ዝም ለሚሉ ፈረንጆች ነው የሚከራየው። በአንድ ወገን የእንጆሪ እርሻ አለ፣ በሌላው ወገን ቋጥኝ ብቻ ነው፣ ቅርብ የሚባለው ጎረቤትም ከጉብታው ወዲያ ነው። በበጋ መኪና የሚያቆሙበት አይገኝም፤ በክረምት ግን ከወፍና ከጭጋግ በስተቀር የሚመጣ የለም።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ መጀመሪያ ዌስትውድ አንድ ሕንፃ ሥር፣ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ፀሐይ ሳላይ ሠራሁ። ከዚያ ካልቨር ሲቲ አንዲት አሮጊት አስታመምኩ። ጥሩ ሴት ነበረች፤ ስትሞት ልጆቿ ከቀብሯ በፊት እኔን አሰናበቱ። እዚያው ሰፈር የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው ወደ ባሕሩ ቤት የወሰዱኝ። ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፤ የቤቱ ኃላፊም፣ ጠጋኝም፣ ዘበኛም እሳቸው ነበሩ። ባለቤቱ ሚስተር ሃል የጠየቀኝ ባሕር እፈራ እንደሆነ ብቻ ነው። አልፈራም አልኩ። ባሕር ያየሁት በዚያው ሳምንት ነበር፣ መፍራት አለመፍራቴን በምን አውቃለሁ? ደመወዙ ከማቆሚያው ብዙም አይሻልም ነበር፣ በኋላ ተሻሻለ፤ ስለ ገንዘብ ከዚህ በላይ አልልም።

ጋሽ ተፈራ በወጣትነታቸው ላንጋኖ ዳር ሆቴል ውስጥ ሠርተዋል። ውሃ ዳር ያለ ቤት ሁልጊዜ በሽተኛ ነው፣ አንድ ቀን ካላስታመሙት ይተኛል ይሉ ነበር። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት አንድ ልማድ ነበራቸው። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ እያለ ከውጭ ቆመው ያንኳኳሉ፣ እኔ እከፍታለሁ፣ እጅ ነስተው እንደ እንግዳ ይገባሉ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ክፍል ለክፍል ይዞራሉ፤ አሸዋን ዓይን አያየውም፣ የሚያየው እግር ነው ብለው ያምኑ ነበር። አልጋው ሁሉ ላይ ጋደም፣ ወንበሩ ሁሉ ላይ ቁጭ ይላሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ እያመለጠኝ ወጥ ቤት እየገባሁ ነበር የምስቀው። አንድ ቀን አንዱ ወንበር ላይ ቆዩና ጠርተው በቦታቸው አስቀመጡኝ። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ልክ ዓይኔ ላይ አረፈ። ያንን ክፍል ለወራት ቆሜ ሳጸዳ አንድም ቀን አላየሁትም። ወንበሩን ገፋ አደረግነው፣ ከዚያ ወዲህ መሳቄን ተውኩ።

ጨው የበር ማጠፊያ እንደሚበላና በጊዜ ቫዝሊን ካልቀቡት ቤቱ ሁሉ እንደሚያቃስት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተንሸራታቹን በር ሐዲድ በጥርስ ብሩሽ መጥረግን፣ ሠላሳ ሰው በአንድ ጠዋት ገላውን ሲታጠብ የፍሳሹ ጉድጓድ እንዳይሞላ ሰውን በሰበብ ወደ ባሕሩ መላክን፣ ፍራሽን ጭጋግ ሳይገፈፍ አለማውጣትን ከእሳቸው ነው የተማርኩት። የእኛን ሰው ነገር ግን እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። መጀመሪያ የመጡት አበሾች ለሠርግ ሲሆን፣ ወጥ ቤት ውስጥ ያንን ሁሉ ሽንኩርት ሲያቁላሉ የጭሱ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ እሳት አደጋም ከች አለ። አንደኛው የእሳት አደጋ ሰው የራስ ቁሩን እንደደፋ ወጥ ቀምሶ ነው የሄደው። በሚቀጥለው ጊዜ ድስቱን ሁሉ ነፋሱ ወደ ባሕር ከሚወስድበት ጥግ፣ ውጭ ቡታጋዝ ላይ አስወጣሁ። ጋሽ ተፈራ አይተው፣ ይህስ ላንጋኖም አልነበረ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የምኖረው ከፌርፋክስ ገባ ብሎ፣ ግድግዳው ከወረቀት በማይሻል አፓርታማ ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ለፎቁ ጎረቤታችን የእናቷን መርዶ ሊነግሩ ሽማግሌዎች መጡ። ልጅቷ እንደማንኛውም ሰው ጮኸች፣ መሬት ላይ ወደቀች፣ ሴቶቹም አብረው ጮኹ። አንዱ ጎረቤት ሰው እየተገደለ ነው ብሎ ደውሎ ኖሮ ፖሊስ መጣ። ሁለት ፖሊሶች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። ልጅቷ ድምፅዋን ዋጠች። እናቷ ሞታባት፣ አገር ይቅርታ እንዲያደርግላት እንባዋን ጠርጋ ተነሣች። ያንን ሳይ የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም።

በማግስቱ ሥራ ገብቼ በረንዳው ላይ ስቆም ማዕበሉ ቋጥኙን ይደበድባል። ባሕሩ ከእኛ በላይ ይጮኻል፣ ፖሊስም አይጠራበትም አልኩ ለራሴ። ሚስተር ሃልን በክረምት፣ በሥራ ቀን፣ ቤቱ ባዶውን ሲያድር ለእኛ ሰዎች በቅናሽ እንዲሰጥ ጠየቅኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እሺ አለ። ሚስቱ የሞተች ጊዜ ጮክ ብሎ የሚያለቅስበት ቦታ አጥቶ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያለቅስ እንደነበር ያን ቀን ነገረኝ።

እንዲህ ሆኖ የባሕሩ ቤት የመርዶ ቤት ሆነ። ቤተሰብ ሐዘንተኛውን ለልደት ነው፣ ለምርቃት ነው ብሎ ይዞት ይመጣል። እኔ የለቀስተኞቹን መኪና ከእንጆሪ እርሻው ግቢ አስቁሜ በአንድ መኪና አመላልሳቸዋለሁ፤ ደጅ ላይ መኪና የተደረደረ እንደሆነ የእኛ ሰው ሳይነግሩት ያውቃልና። ኢንተርኔቱን ነቅዬ ተበላሽቷል እላለሁ፤ ከጠላት ሁሉ የከፋው ፌስቡክ ነው፣ ሽማግሌ ሳይቀድመው ያረዳል። ሐዘንተኛው የሚቀመጥበት ወንበር ጠርዝ የሌለው፣ ግራና ቀኙ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ይሆናል። ምንጣፉን እደርባለሁ፣ ውሃና ፎጣ አዘጋጃለሁ። ከዚያ ወጥ ቤቴ ገብቼ ዝም እላለሁ። መንገር የሽማግሌ ሥራ ነው፤ የእኔ ሥራ ቤቱ ነበር፣ አንድም ጊዜ ተበላሽቶብኝ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ተበላሸብኝ።

እትዬ ፋናዬ ልጃቸው ሰብለ ያመጣቻቸው እናት ናቸው። በቤተሰብ ጉዳይ ነው የመጡት፣ ፌርፋክስ አካባቢ የማያውቃቸው የለም። ወንድ ልጃቸው ብሩክ ሐዋሳ ይኖር ነበር፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቆ ይደውላል። ብሩክ በድንገት ታሞ ሞተ። ሰብለ የእናቷን ስልክ ተበላሽቷል ብላ ደበቀች፣ ለልጇ ለሜላት ምርቃት ነው ብላም ቤቱን ያዘች። ሜላት እዚሁ የተወለደች፣ ዌስትውድ የምትማር ልጅ ናት። ነገሩን ታውቃለች፤ አያቷን በመኪናዋ ይዛ የምትመጣውም እሷ ነበረች።

ሁሉን እንደ ልማዴ አዘጋጀሁ። ከመንገዱ በኩል አንድም ነገር አይታይም። ሴቶቹ ውስጥ ሙቀት በዛባቸውና የት እንሁን አሉኝ። ከመንገድ የማይታየው በባሕሩ በኩል ያለው በረንዳ ነው፣ እዚያ አስቀመጥኳቸው። ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በሹክሹክታ እያወሩ ተደርድረው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ሆነው የመኪና ድምፅ ይጠብቃሉ። ወደ አሸዋው የሚያወርደውን የደረጃ በር፣ አላፊ አግዳሚ እንዳይገባ እንደ ወትሮው ቆልፌዋለሁ።

ሁለት ሰዎች በአሸዋው ዳር ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሲመጡ አየን። አንደኛዋ የቀሚሷ ጫፍ ርሷል፣ ትስቃለች። ማንም ልብ አላለ፤ የእኛ እናት ጫማዋን አውልቃ በባሕር ዳር ትመጣለች ብሎ ማን ያስባል? ፈረንጆች መስለውን ነበር። ቀርበው ቀና ሲሉ ነው እትዬ ፋናዬ መሆናቸውን ያወቅነው።

እሳቸውም ቆሙ። በረንዳው ላይ ካሉት ሴቶች የማያውቋት አንዲት አልነበረችም፤ ሁሉም የማኅበራቸው ሰዎች ናቸው። ያዘቀዘቀውን ነጠላ ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጫማቸውን ጎን ለጎን አሸዋው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እርጥቡ ላይ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ አንዷ መቻል አቅቷት ጮኸች፣ በረንዳው ሁሉ ተከተላት። ሁላችንም ወደ ደረጃው ሮጥን፣ በሩ ግን ተቆልፏል፣ ቁልፉም ወጥ ቤት ነው። ይዤ እስክመጣ ድረስ ሴቶቹ ከላይ ሆነው ደረታቸውን እየመቱ፣ እሳቸው ከታች ብቻቸውን፣ ማዕበሉ ቀሚሳቸውን እየነካ ቆዩ። አጠገባቸው አያቷን በሁለት እጇ ያቀፈች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

ልቅሶው ከዚያ በኋላ የብሩክ ስም እየተጠራ እንደ ደንቡ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሜላት መኪናዋን ካቆመችበት ስታመጣ እዚያው መቀመጫው ላይ አገኘኋት። ሊቆጧት የፈለጉ ስለነበሩ ቀድሜ ሄድኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ከዚያኛው ቢች መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ነው በእግር ያመጣኋት» አለችኝ። «ሶ… ቤት ከገባን ደስታዋ ያልቅ የለ? አንድ ሰዓት ብቻ ልስጣት ብዬ ነው። ደስ ብሏት ነበር እኮ፣ ውሃው እግሯን ሲነካት።»

አቀፍኳት። የሚቆጣት ቢኖር ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው አልኳት፣ እውነቴንም ነበር።

ጋሽ ተፈራ ያኔ ጡረታ ወጥተው በሽተኛ ሆነዋል። ሰምተው በልጃቸው መኪና መጡ። የደረጃውን በር ቁልፍ ተቀብለውኝ፣ ተደግፈው ደረጃውን ወረዱና ርቀው ሄዱ። ከዚያ ዞረው ከባሕሩ በኩል ወደ ቤቱ መጡ። ያን ሁሉ ዘመን ሲያንኳኩ፣ ሲገቡ፣ ሲቀመጡ በዚያ በኩል አንድም ቀን መጥተው አያውቁም። ደረጃው ላይ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ።

«የቤቱ ፊት ለካ ወዲህ ነው» አሉኝ። «እኔና አንቺ ጀርባውን ነው ደጅ ብለን ስናጸዳ የኖርነው።»

ከእሳቸው የተማርኩት የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሳይመጣ በፊት ከአሸዋው ጀምሬ ነው የምገባው፤ የበሩ ቁልፍም እዚያው ደረጃው ላይ ተሰቀለ። ሌላ አንድም መርዶ አልተበላሸብኝም። ያቺ ግን ከነፍሴ አልወጣችም። ሰው የልጁን መርዶ ብቻውን መሬት ላይ ተቀምጦ እንዳይሰማ ነው ይህ ሁሉ ልማድ የተሠራው፤ እኛ ቤት ደግሞ የሆነው ያው ሆነ።

ሚስተር ሃል አረፈና ልጁ ግሬግ ቤቱን ተረከበ። ግሬግ ክፉ አይደለም፣ ሁሉን ነገር በስልኩ ማድረግ ይወዳል እንጂ። በር በስልክ ይከፈታል፣ መብራት በስልክ ይጠፋል። እኔም ዕድሜዬ ደርሷል፣ ክረምቱ ሲያልቅ እወጣለሁ ብዬ ነገርኩት። ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ሰብለ ደወለች። እናቷ ወደ ቤቱ ሊመጡ ይፈልጋሉ፣ የሚፈልጉትም እኔን ነው። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ይውቀሱኝ፣ መብታቸው ነው ብዬ አልጋቸውን አነጠፍኩ።

ሦስቱ ብቻ መጡ፤ እትዬ ፋናዬ፣ ሰብለና ሜላት። ብሩክ ከሞተ ዓመት አልፎታል። እትዬ ፋናዬ ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን ጠንካራ ነው። ሻይ አቀረብኩ፣ አልነኩትም።

«አስካለ» አሉኝ፣ «እኔን እኮ ማንም አላረዳኝም።»

ሰብለ እማዬ ብላ ልታቋርጣቸው ስትል በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ሰው ሲያለቅስ አየሁ፣ እኔም አለቀስኩ። ተዝካሩንም በላሁ። ብሩክ ሞቷል ብሎ በአፉ የነገረኝ ሰው ግን የለም። ሁሉም ያውቃል ብሎ ዝም አለ። እሑድ ሲመጣ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ አእምሮዬ እንደማይደውል ያውቃል፣ ጆሮዬ ግን አልተነገረውም።»

ሰብለ ታለቅስ ነበር። ሞክራ እንደነበር፣ ቃሉ ከአፏ አልወጣ እንዳላት ነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እግዜር ያጽናዎት ከማለት አያልፉም። እኔም እትዬ፣ እኔ ቤት ነው የማዘጋጀው፣ ማርዳት የእኔ ሥራ አይደለም አልኳቸው።

«ያን ቀን ቤቱን ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ሥራሽ አላለቀም። አርጂኝ።»

ይህ ተግሣጽ ይሁን ልመና እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን እውነት ነው፣ አላለቀም ነበር። ለሌላው መርዶ ያደረግኩትን ሁሉ ለእሳቸውም አደረግኩ። ወደ አሸዋው ወርጄ ከዚያ ጀምሬ ገባሁ። በባዶ እግሬ ዞርኩ። ወንበሩ ላይ እኔው ቀድሜ ተቀመጥኩ፣ ፀሐዩ የት እንደሚያርፍ አየሁ። ምንጣፉን ደረብኩ፣ ውሃና ፎጣ አስቀመጥኩ። አሳደርኳቸው። ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሣ፣ እንግዳ እንደመጣ አንኳኩቼ ገባሁ። ሰብለ በቀኛቸው፣ ሜላት በግራቸው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ሁለት እጃቸውን ያዝኩ። የፈራሁት ድምፄን ነበር።

«እትዬ ፋናዬ፣ ልጅዎ ብሩክ አርፏል።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ሞቷል በይኝ።»

«ሞቷል፣ እትዬ።»

እጄን እስኪያመኝ ጨበጡት። ከዚያ ጮኹ። ያን ቀን አሸዋው ላይ ሲቀመጡ ያልወጣው ጩኸት ነበር፣ ረጅምና አንድ ድምፅ፣ ከባሕሩ በላይ። ሰብለና ሜላት ግራና ቀኝ ያዟቸው፣ እኔም ከፊት ያዝኳቸው፤ ሊወድቁ የሚችሉበት ቦታ አልነበረም። በእነዚያ ሁሉ መርዶዎች ይህ ሰዓት ሲደርስ እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን አወቅኩ፤ ሰው ለምን ሰው እንደሚያስፈልገውም እንደዚያው።

ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ፊታቸውን አጠብኳቸው። ጭጋጉ ሲነሣ ወደ ሰብለ ዞር አሉና፣ ዓመት ሙሉ ያልጠየቁትን ጠየቁ።

«ምን ሆኖ ነው? ሲሞትስ ማን ነበር አጠገቡ?»

ሰብለ እንባዋን ዋጠች። «ሚስቱ ነበረች እማዬ። እጁን ይዛው ነበር። ብቻውን አልነበረም።»

እትዬ ፋናዬ የሁለቱንም እጅ ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ።

«ተመስገን» አሉ። «በይ አሁን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»